ወጣቱ በየትኛው በር ይግባ?

በ1992 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ በተካሄደው የምድር ጉባኤ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሰቨርን ከሊስ ሱዙኪ የተባለች የ12 ዓመት ካናዳዊት ልጅ መድረክ ላይ ወጥታ የዓለም መንግሥታትን ልዑካን ገሠጸች። ንግግሯ የፈጀው ጥቂት ደቂቃ ቢሆንም እስከ ዛሬ በየአገሩ ይደመጣል። በ2018 ደግሞ በፖላንዷ ካቶቪትሴ ከተማ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ስዊድናዊቷ ግሬታ ቱንበርግ በ15 ዓመቷ እንዲሁ ተናገረች፤ እንዲሁም ተጨበጨበላት። በእነዚህ 26 ዓመታት ውስጥ ግን ዓለም ወደ ከባቢ አየር የምትለቀው የካርቦን ጋዝ እየጨመረ ሄደ። ልጆቹ ከሚጠበቅባቸው በላይ አድርገዋል። ንግግራቸው ወደ ውሳኔ ያልተለወጠበትን ምክንያት ለማወቅ የድርድሩን አሠራር ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

«ኮፕ» የሚባለው ዓመታዊ የአየር ንብረት ጉባኤ የመንግሥታት ስብሰባ ነው። ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ አባላት ያሉት ሲሆን፣ ውሳኔ የሚያልፈው በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በጋራ መግባባት ነው። ስለዚህ ጥቂት አገሮች አጥብቀው ከተቃወሙ ብዙኃኑ የፈለጉት አንቀጽ ሊወድቅ ይችላል። ያልተስማሙበት ቃል በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ይቀመጣል። ተደራዳሪዎች የጉባኤውን ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሌሊቱን ሁሉ፣ የሚያሳልፉት እነዚህን ቅንፎች አንድ በአንድ ለማንሳት ሲከራከሩ ነው።

የመንግሥት ልዑክ ያልሆነ ተሳታፊ «ታዛቢ» ይባላል። ታዛቢዎች በ9 ምድብ የተደራጁ ናቸው፤ የንግዱ ማኅበረሰብ፣ ሠራተኛ ማኅበራት፣ ገበሬዎች፣ ሴቶችና ሌሎችም የየራሳቸው ምድብ አላቸው። «ዩንጎ» በሚል ስም የሚታወቀው የወጣቶች ምድብ በ2009 በሙከራ ደረጃ፣ በ2011 ደግሞ በቋሚነት ዕውቅና አገኘ። ከዚያ ወዲህ ወጣቶች ከጉባኤው አስቀድመው ተሰብስበው የጋራ አቋማቸውን ይጽፋሉ፣ በጠቅላላው ስብሰባም መግለጫ ያነባሉ። ነገር ግን ተራቸው የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ አገሮች ተናግረው ሲያበቁ ነው፤ የሚሰጣቸውም አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ነው፣ ያውም ሰዓት ከተረፈ። ድርድሩ ሲከርር ደግሞ ታዛቢ ከክፍሉ እንዲወጣ ሊደረግ ይችላል። ከ2023ቱ የዱባይ ጉባኤ ጀምሮ እያንዳንዱ አዘጋጅ አገር የወጣቶች ተጠሪ ይሰይማል። ጥሩ እርምጃ ነው፤ ቅንፉን የማንሳት ሥልጣን ግን አሁንም የመንግሥታቱ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህን በር ትተው ሌላ በር የፈለጉት የፓስፊክ ወጣቶች ናቸው። ቫኑዋቱ በአውሎ ነፋስ የምትመታ፣ ባሕሩ ከፍ ባለ ቁጥር መሬቷ የሚሸረሸር የደሴቶች አገር ናት። በ2019 ዋና ከተማዋ ፖርት ቪላ ውስጥ ከተለያዩ የፓስፊክ አገሮች የመጡ 27 የሕግ ተማሪዎች በክፍል ትምህርታቸው የተነሳን አንድ ሐሳብ አንግበው ተነሡ፦ መንግሥታት የአየር ንብረትን የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ እንዳለባቸው ዘ ሄግ የሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ይናገር!

ብልሃታቸው እዚህ ላይ ነው። ከፍርድ ቤቱ የምክር አስተያየት መጠየቅ ከሚችሉት አንዱ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሲሆን፣ እዚያ የብዙኃኑ ድምፅ በቂ ነው፤ እንደ ኮፕ ሁሉም እስኪስማማ አይጠበቅም። ተማሪዎቹ ማኅበር መሥርተው ለአካባቢው መሪዎች ደብዳቤ ጻፉ። ወጣት ብቻውን ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ሐሳብ ማቅረብ ስለማይችል የሚወክላቸው መንግሥት ያስፈልጋቸው ነበር፤ ቫኑዋቱ ተቀበለቻቸው። የሌሎች አህጉራት ወጣቶችም ተቀላቅለው የየአገራቸውን ባለሥልጣናት ጎተጎቱ። መጋቢት 29 ቀን 2023 ጠቅላላ ጉባኤው ጥያቄውን ያለ ድምፅ ቆጠራ አጸደቀ፤ ከ130 በላይ አገሮች በአቅራቢነት ፈርመውበት ነበር።

ፍርድ ቤቱ ሐምሌ 23 ቀን 2025 በሙሉ ድምፅ መልስ ሰጠ። መንግሥታት የአየር ንብረቱን ከጉዳት የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው፤ የነዳጅ ምርትን፣ ፍለጋንና ድጎማን ሳይገታ የቀረ መንግሥት በዓለም አቀፍ ሕግ ሊጠየቅ ይችላል፤ ጉዳት ያደረሰም ካሳ እስከ መክፈል ሊደርስ ይችላል። የምክር አስተያየቱ አስገዳጅ አይደለም። ቢሆንም ከእንግዲህ በየአገሩ ፍርድ ቤት የሚከራከር ጠበቃም፣ በኮፕ ክፍል ውስጥ የሚሟገት የትንሽ አገር ተደራዳሪም በእጁ ይዞት ይገባል። ተማሪዎቹ በስድስት ዓመት ውስጥ ያስገኙት ይህን ነው፤ እኔ በወጣቶች ስም ከተነበቡ ብዙ መግለጫዎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ሦስተኛው በር የመንግሥት ልዑክ አባል መሆን ነው። አንዳንድ አገሮች ወጣቶችን ለፎቶ ብቻ ይዘው ይሄዳሉ፤ ይህ ወጣቱንም አገሩንም አይጠቅምም። በቁም ነገር የሚይዙት ግን አንድ አጀንዳ ይሰጡታል፦ ለምሳሌ ለጉዳት ማካካሻ የሚውለውን ገንዘብ፣ ወይም ከአየር ንብረት ለውጡ ጋር የመላመድን ጉዳይ። ያ ወጣት በየሰኔው ጀርመን ቦን ላይ ከሚደረገው የዝግጅት ድርድር ጀምሮ ጽሑፉን ይከታተላል፣ አፍሪካዊ ከሆነም በአፍሪካ ተደራዳሪዎች ቡድን ስብሰባ ይቀመጣል፣ የትኛው ቃል ለምን ቅንፍ ውስጥ እንደገባ ያውቃል። ይህ ዕውቀት ዓመታት ስለሚጠይቅ በየጉባኤው አዲስ ወጣት መላክ ብዙ አያራምድም። እንዲያውም አንዱን ደጋግሞ መላክ ይሻላል።

ጉዳዩ አሁን ወደ እኛ ደጅ መጥቷል። 32ኛው ኮፕ በ2027 አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። የአፍሪካ ወጣቶችን ብዙ ጊዜ ያስቀራቸው የአውሮፕላን ትኬትና የቪዛ ጉዳይ ነው፤ ኢትዮጵያዊው ወጣት በዚያ ዓመት ከሁለቱም ያርፋል። የመግቢያው ባጅ ግን በአዲስ አበባ ነዋሪነት አይገኝም። የሚሰጠው በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት ጽሕፈት ቤት በታዛቢነት ለተመዘገቡ ድርጅቶችና ለመንግሥት ልዑካን ነው፤ የምዝገባው ሂደትም ረጅም ጊዜ ይፈጃል። የባሕር ዳር ወይም የጅግጅጋ የወጣቶች ማኅበር አሁኑኑ ማመልከቻውን መጀመር፣ ወይም ከተመዘገበ ድርጅት ጋር መነጋገር ይኖርበታል። ከዚያ ጎን ለጎን በፓሪሱ ስምምነት መሠረት አገራችን በየ5 ዓመቱ የምታቀርበውን የአየር ንብረት ዕቅድ አግኝቶ ማንበብ ይጠቅማል፤ ስለ መስኖ፣ ስለ ደንና ስለ ከብት ርባታ በአገር ስም የተገባው ቃል የተጻፈው እዚያ ውስጥ ነውና። ቀጣዩ ዕቅድ ሲረቀቅ አስተያየት የሚሰበሰበውም እዚሁ አገር ቤት ነው፤ ለዚያ ቪዛም ባጅም አያስፈልግም።