አንድ ግቢ፣ ስድስት ተከራይ፣ አንድ ቆጣሪ

በአዲስ አበባ መኖሪያ ሰፈሮች አንድን ቪላ ለአንድ ቤተሰብ ከመስጠት ይልቅ ዋናውን ቤትና ሰርቪሱን ክፍል በክፍል ማከራየት ለባለቤቱ የተሻለ ገቢ ያስገኛል። ቪላ በሙሉ የመከራየት አቅም ያለው ጥቂት ነው፤ አንድ ክፍል ፈላጊው ግን ብዙ። ትርፉ ለአከራዩ ይገባል፤ ጣጣው ግን በአጥሩ አይወሰንም።

ከሁሉ ቀድሞ የሚያጨቃጭቀው ቆጣሪው ነው። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ያደርጋል። በመሆኑም በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ስድስት አባወራዎች፣ የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ከሚከፍሉት በላይ ሊከፍሉ ይችላሉ። ለዝቅተኛ ተጠቃሚ ታስቦ የወጣው ዋጋ ዝቅተኛው ተጠቃሚ ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል ማለት ነው። ምጣድ የሚጣደው በማን ተራ ነው የሚለው ጠብም ከዚሁ ይመነጫል።

ጎረቤትን የሚነካው መጸዳጃው ነው። ለአንድ ቤተሰብ የተቆፈረ ጉድጓድ ቶሎ ይሞላል፤ መጣጭ መኪና እስኪመጣ ሽታው የመንገዱ ሁሉ ነው። በአንጻሩ ባለሱቁና የጉሊት ቸርቻሪዋ ገበያ ይደራላቸዋል። በተከራይ ብዛት የሚያማርሩት ባለቪላዎችም ቢሆኑ ማታ ዳቦ የሚገዙት ከዚያው ሱቅ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ተከራይ ታዲያ ከመፈረሙ በፊት የመብራትና የውሃ ሂሳብ በምን ስሌት እንደሚካፈል፣ ጉድጓዱንም ማን እንደሚያስመጥጥ በዚያው ውል ላይ ያስፍር።