ለሶላር የትኛውን ባትሪ እንግዛ?

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ባትሪ ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን ከመካከላችን የመብራት መስመር ካልደረሰበት ገጠር የመጣን ጥቂት አይደለንም። እዚያ ጣሪያ ላይ ያለችው ሶላርና ቤት ጥግ የተቀመጠው ባትሪ የማታ ኑሮ ማለት ናቸው። ልጅ የሚያጠናው፣ ሬዲዮ የሚደመጠው፣ ሞባይል ቻርጅ የሚደረገው በእነሱ ነው። ከሁለቱ ቀድሞ የሚሞተውና በየጊዜው ገንዘብ የሚያስወጣው ደግሞ ባትሪው ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ለዚህ ሥራ የሚሆን ባትሪ እንዴት እንደሚመረጥ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ባትሪ ሁሉ አንድ አይደለም

እርሳስ ከተባለው ማዕድንና ከአሲድ የሚሠራውን ባትሪ የፈለሰፈው ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1859 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት ባትሪ ተሠርቷል። ከውጭ ሲታዩ ሁሉም ያው ሳጥን ናቸው። ልዩነቱ ያለው ውስጣቸው ነው።

የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተሪኖ ለማዞር ነው። ቁልፉ ሲዞር ለጥቂት ሰከንዶች በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ይሰጣል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ዲናሞው የወጣውን ቶሎ ይመልስለታል። ስለዚህ ባትሪው ሁልጊዜ ሙሉ ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ኃይል በአንዴ እንዲሰጥ ሲባል ውስጡ ያሉት ፕሌት የሚባሉ የእርሳስ ንጣፎች ስስና ብዙ ተደርገው ይሠራሉ።

ዲፕ ሳይክል የሚባለው ባትሪ ግን ፕሌቶቹ ወፍራምና ጥቂት ናቸው። በአንዴ ብዙ አይሰጥም፤ ጥቂት ጥቂት እያለ ለረጅም ሰዓት ይሰጣል። ሳይክል ማለት ባትሪው አንዴ ወርዶ አንዴ መሙላቱ ነው። ዲፕ ሳይክል እንግዲህ በደንብ ወርዶ እንደገና መሙላትን ደጋግሞ የሚችል ማለት ነው። የመኪናው ባትሪ የመቶ ሜትር ሯጭ ነው ካልን፣ ዲፕ ሳይክል የማራቶን ሯጭ ነው። የመቶ ሜትሩን ሯጭ ማራቶን አሰልፈን ቢወድቅ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። የማውቃቸው አንድ የገጠር ቤተሰብ ጊደር ሸጠው ለሶላራቸው የመኪና ባትሪ ገዙ። ሻጩ፣ «አባባ፣ ይሄ እኮ አይሱዙ የሚያስነሳ ባትሪ ነው፤ አምፖል ያቅተዋል እንዴ?» ብሎ ነበር የሸጠላቸው። እውነቱን ነው፣ አይሱዙ ያስነሳል። ዓመት ሳይሞላው ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን አምፖሎቹ ጭል ጭል ማለት ጀመሩ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ስሶቹ ፕሌቶች በየሌሊቱ እስከ ታች ሲወርዱ በላያቸው ያለው ለጥፍ እየተፈረፈረ ይረግፋል። እንዲህ ዓይነት ባትሪ ሙሉ ለሙሉ መውረድን የሚችለው ለጥቂት አሥር ጊዜ ብቻ ነው። ደህና ዲፕ ሳይክል ግን እስከ ግማሽ እየወረደ ከጥቂት መቶ እስከ 1000 ጊዜ ገደማ ሊያገለግል ይችላል።

የጀልባ ሥዕል ያለበትስ?

አንዳንድ ባትሪ ላይ የጀልባ ሥዕል ወይም «ማሪን» የሚል ጽሑፍ ይታያል። በአሜሪካና በአውሮፓ ዲፕ ሳይክልን በብዛት ከሚገዙት መካከል ትንንሽ ጀልባ ያላቸውና ትሬለር የሚባለውን፣ መኪና የሚጎትተውን የመዝናኛ ቤት የሚጠቀሙ ሰዎች ይገኙበታል። ትሬለሩ ጫካ ውስጥ ሲቆም መብራቱና የውኃ ፓምፑ በባትሪ ይሠራሉ። ጀልባው ደግሞ ዓሣ ሲጠመድ ቀስ ብላ የምትገፋ የኤሌክትሪክ ሞተር ይኖረዋል። የእነሱ ችግርና የገጠሩ ቤት ችግር በመሠረቱ አንድ ነው፤ ከመስመር ርቆ በባትሪ ማደር።

ይሁን እንጂ «ማሪን» የሚለው ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ብዙዎቹ ማሪን ባትሪዎች ሞተርም እንዲያስነሱ፣ መብራትም እንዲያበሩ ታስበው የተሠሩ ድብልቅ ናቸው። ከመኪና ባትሪ ይሻላሉ፤ ከእውነተኛው ዲፕ ሳይክል ግን ያንሳሉ።

ታዲያ በምን እንለየው? በላዩ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ነው። ሲሲኤ የሚል ቁጥር ብቻ ካለው በብርድ ሞተር የማስነሳት አቅሙን እየነገረን ስለሆነ የመኪና ባትሪ ነው። ለእኛ የሚጠቅመን አምፒር-ሰዓት የሚለው ነው። 100 አምፒር-ሰዓት የሚል ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ የተለካው በ20 ሰዓት ነው፤ ማለትም 5 አምፒር ለ20 ሰዓት ይሰጣል። በፍጥነት ከተወሰደበት ግን የሚሰጠው ድምር ይቀንሳል። አንዳንድ የሶላር ባትሪ በ100 ሰዓት ተለክቶ ስለሚጻፍበት ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ሁለት ባትሪ ስናወዳድር «በስንት ሰዓት የተለካ ነው?» ማለት ያስፈልጋል። ክብደትም ይናገራል። 100 አምፒር-ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። በጣም ከቀለለ እርሳሱ አንሷል ማለት ነው።

መጀመሪያ የሚቆጠረው የማታው ወጪ ነው

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ ሱቅ ከመግባታችን በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ቤቱ በአንድ ቀን የሚጠቀመውን እንቁጠር። አንድ መካከለኛ ቤት እንውሰድ።

4 አምፖሎች፣ እያንዳንዳቸው 5 ዋት፣ ለ4 ሰዓት፦ 80 ዋት-ሰዓት
አንድ 30 ዋት ቴሌቪዥን፣ ለ3 ሰዓት፦ 90 ዋት-ሰዓት
አንድ 5 ዋት ሬዲዮ፣ ለ4 ሰዓት፦ 20 ዋት-ሰዓት
ሁለት ሞባይል ቻርጅ ለማድረግ፦ 30 ዋት-ሰዓት
ድምር፦ 220 ዋት-ሰዓት

ይህን ለ12 ቮልት ስናካፍለው 18 አምፒር-ሰዓት ገደማ ይመጣል። በክረምት ሰማዩ ጨፍኖ የሚውልበት ቀን ስላለ ለሁለት ቀን ይያዝ ብለን በ2 እናባዛው፤ 37 ገደማ ይሆናል። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ እንዲኖረው ከግማሹ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ስለዚህ እንደገና በ2 ስናባዛው ወደ 73 ይደርሳል። ኢንቨርተርና ሽቦ የሚበሉትን ጨምረን ከ80 እስከ 100 አምፒር-ሰዓት ያለው ዲፕ ሳይክል ይበቃናል ማለት ነው።

«እንግዲያው 200 ብገዛ አይሻልም?» የሚል ይኖራል። ሶላሯ ትንሽ ከሆነች አይሻልም። ትልቅ ባትሪ በትንሽ ሶላር መቼም ሞልቶ አያድርም። ሳይሞላ የሚቆይ የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ፕሌቶቹ ላይ ሰልፌት የሚባል ድርቅ ያለ ነገር ይጋገርና አቅሙን ይቀንሰዋል። ከላይ ላልነው ቤት በመንገድ የሚባክነውን ጨምረን፣ ደህና ፀሐይ በቀን 4 ሰዓት ብቻ አለ ብለን ብናሰላ ከ80 እስከ 100 ዋት የሆነች ሶላር ታስፈልጋለች። ባትሪና ሶላር እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አቅማቸው ካልተመጣጠነ እርሻው አይሄድም።

ሊቲየም ወይስ እርሳስ?

አሁን ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባትሪ እየተስፋፋ ነው። እስከ 80 በመቶ ቢወርድ ብዙም አይጎዳም፤ በአግባቡ ከተያዘ ከ2000 ጊዜ በላይ ወርዶ መሙላት ይችላል። ክብደቱም ከእርሳሱ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከላይ የቆጠርነውን ሥራ 50 አምፒር-ሰዓት የሆነ ሊቲየም ይሠራዋል። ሆኖም ለአንድ አምፒር-ሰዓት የሚከፈለው መነሻ ዋጋ ከፍ ይላል። የሶላሩ ኮንትሮለርም ለሊቲየም የሚስማማ መሆን አለበት። ስለዚህ ዋጋ ስናወዳድር የዛሬውን ብቻ ሳይሆን ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ጭምር ነው። በሁለት ዓመት የሚሞት ርካሽ ባትሪ ሁለቴ ሦስቴ ሲገዛ ርካሽነቱ የቱ ላይ ነው?

ከተገዛ በኋላስ?

ጥሩ ባትሪም ካልተያዘ ይሞታል። የሚከተሉትን ልብ ማለት ይጠቅማል።

አንደኛ፣ አምፖሉ የሚቀጠለው ከኮንትሮለሩ ላይ እንጂ በቀጥታ ከባትሪው ላይ አይደለም። ኮንትሮለሩ መብራት የሚያጠፋው ለክፋት ሳይሆን ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይወርድ ነው። «ቶሎ እያጠፋ አስቸገረን» ብሎ እሱን ዘሎ መቀጠል ባትሪውን መግደል ነው።

ሁለተኛ፣ ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ የሚጨመረው የተጣራ ውኃ ብቻ ነው። የወንዝ ወይም የቧንቧ ውኃ አይሆንም፤ አሲድም አይጨመርም።

ሦስተኛ፣ ባትሪው ጥላና አየር ባለበት ይቀመጥ። ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ገደማ እንደሚያጥር ባለሙያዎች ያሰላሉ። እንደ ጋምቤላና ሰመራ ባሉ ቦታዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሲሞላ ደግሞ ሃይድሮጂን ጋዝ ስለሚወጣው ሻማና ኩራዝ አጠገቡ አይቀመጥም።

አራተኛ፣ የሞተ ባትሪ ተሰብሮ እርሳሱ ቤት ውስጥ አይቀለጥም፤ አሲዱም ጓሮ አይደፋም። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው።

በመጨረሻም ሱቅ ስትሄዱ ሻጩን እነዚህን ጠይቁት፦ ዲፕ ሳይክል ነው ወይ? አምፒር-ሰዓቱ በስንት ሰዓት የተለካ ነው? መቼ ተመረተ? ከዚያም በቴስተር ይለካላችሁ። የእርሳስ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሲያርፍ 12.7 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ካሳየ ግማሹ የለም፤ ሱቅ ውስጥ ብዙ ቆይቶ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ይምጣላችሁ። ሳይመልስላችሁ «ግድ የለም፣ ጠንካራ ነው» ካለ፣ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደ ቀጣዩ ሱቅ እለፉ። ይህን ወረቀት አንብቦ የጨረሰ ተማሪ ለእረፍት አገር ቤት ሲሄድ የቤቱን አምፖልና ሬዲዮ በወረቀት ላይ ቆጥሮ ለአባቱ ቢያሳይ፣ የሚቀጥለው ግዢ ያለ ጊደር ኪሳራ ያልፋል።