የገና ጌጥ ከመንዝ ቤት፦ ልቃቂት፣ የገብስ አገዳና በቡና የቀለመ ወረቀት

የነቢያት ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በመንዝ ደጋ የበግ ገበያው ይደምቃል፤ ጠላው ይጠነሰሳል፤ ወጣቶች ጫፉ የቆለመመ ዱላ መርጠው ለገና ጨዋታ ይሰናዳሉ። በሀገራችን ከተሞች ደግሞ ከዚህ ነባር ዝግጅት ጎን ለጎን የገና ዛፍ ማቆም እየተለመደ መጥቷል። ዛፉ ላይ የሚንጠለጠሉት አንጸባራቂ ኳሶች፣ ኮከቦችና ጥብጣቦች አብዛኞቹ ከፕላስቲክ የተሠሩና ከባሕር ማዶ የሚመጡ ናቸው። በዓሉ ሲያልፍ ይሰባበራሉ፤ ስብርባሪያቸው ግን በቀላሉ አይበሰብስም።

ለመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ለመሐል ሜዳና ለአካባቢዋ ነዋሪ ግን ለዚህ ጌጥ የሚያስፈልገው ቁስ በደጁ፣ ሙያውም በቤቱ አለ። ፀጉሩን ከበጉ፣ አገዳውን ከገብስ ማሳው፣ ወረቀቱን ልጆች ጽፈው ከጨረሱት ደብተር ያገኛል። ጌጡን በእጅ መሥራት ወጪ ይቀንሳል፤ ከዚህም በላይ ፈትልና ስፌት ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚተላለፍበትን አጋጣሚ ይፈጥራል። ይሁንና እያንዳንዱ ቁስ የራሱ ወግና ጥንቃቄ አለው።

ልማዱ ከየት መጣ?

ዛፍ አስጊጦ ገናን ማክበር መነሻው የጀርመን ምድር ነው። በእ.ኤ.አ. 1848 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤታቸው ልዑል አልበርት ከልጆቻቸው ጋር ባጌጠ ዛፍ ዙሪያ የሚታዩበት ሥዕል በለንደን ጋዜጣ ከታተመ በኋላ ልማዱ ይበልጥ ተስፋፋ። ለንግድ የታተመው የመጀመሪያው የገና ካርድም ቀደም ብሎ በ1843 ሔንሪ ኮል በተባለ እንግሊዛዊ አሳታሚነትና በሠዓሊው ጆን ካልኮት ሆርስሊ እጅ የተዘጋጀ ነበር።

በዚያ ዘመን ጌጡ በአመዛኙ የቤት ሥራ እንደነበረ ልብ ይሏል። የአውሮፓ ገበሬዎች ከእህል አገዳ ኮከብ ያስሩ፣ ከወረቀት ሰንሰለት ይቀጥሉ፣ ፍራፍሬና ለውዝ ያንጠለጥሉ ነበር። ፊንላንዳውያን አገዳን በክር እያያያዙ የሚሠሩት “ሂመሊ” የተባለው ተንጠልጣይ ጌጥ እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ ዛሬ በዓለም ላይ “የድሮ መልክ ያለው” እየተባለ የሚፈለገው ጌጥ ገበሬው እጁ ላይ ባለው ነገር የሠራው ነው። የመንዝ ገበሬም ከዚህ የሚያንስ ነገር የለውም።

ልቃቂት፦ የመንዝ የገና ኳስ

የመንዝ በግ ፀጉረ ብዙ ነው። ፀጉሩ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፤ ከዚያም በሸማኔ እጅ በርኖስ፣ ባናና ዝተት ይሆናል። ፈታይዋ ክሩን የምትጠቀልልበት ልቃቂት ደግሞ ምንም ሳይጨመርበት የገና ኳስ ነው። በጉ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይና ዳልቻ ስለሚሆን ክሩን ቀለም መንከር እንኳ አያስፈልግም።

ለጌጥ የሚሆነው ልቃቂት ሎሚ ያህል ቢሆን ይበቃል። ውስጡ ሙሉ በሙሉ ክር እንዲሆን አይገደድም፤ የጨርቅ ቁራጭ ጠበቅ አድርጎ አድቦልቡሎ ከላይ ክሩን መጠምጠም ይቻላል። ምሥጢሩ አቅጣጫውን መቀያየር ነው። ስምንት ወይም ዐሥር ዙር በአንድ በኩል ከተጠመጠመ በኋላ ኳሱን ጥቂት አዙሮ እንደገና መቀጠል፣ እንዲህ እያሉ ጨርቁ እስኪሸፈን መሄድ ነው። አቅጣጫው ካልተለወጠ ኳሱ እንደ እንቁላል ይሞልላል፤ ክሩም ይንሸራተታል። በመጨረሻ የክሩን ጫፍ በመርፌ ወደ ውስጥ አሳልፎ መቋጠርና ማንጠልጠያ ማውጣት ይገባል። በነጩ ላይ ጥቁር ክር በአራት አቅጣጫ ቢያልፍበት ራሱን የቻለ ጥለት ይሆናል።

የፋብሪካ ብርድ ልብስና የተሰፋ ጃኬት በገበያው በበዙበት ዘመን የእጅ ፈትል ፈላጊው አንሷል። የገና ልቃቂት የበርኖስን ገበያ ይተካል ማለት አይቻልም። ነገር ግን ከሸማኔ የተረፈ ቁራጭ ክር ዋጋ እንዲያገኝ ያደርጋል፤ እንዝርት ይዛ የማታውቅ ልጅም ከአያቷ አጠገብ የምትቀመጥበት ምክንያት ይሆናል።

የገብስ አገዳና የጓሳ ሣር

ገና የሚውለው አዝመራው በሚሰበሰብበት ወቅት አካባቢ መሆኑ ለእጅ ሥራው ምቹ ነው። ለጌጥ የሚፈለገው አገዳ ግን ከአውድማ በፊት መለየት አለበት፤ በበሬ ከተበራየ በኋላ ጭድ ስለሚሆን ለሥራ አይመችም። ቀጥ ያሉት አገዳዎች ከአንጓ እስከ አንጓ ይቆረጡና ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋሉ። ያልተዘፈዘፈ አገዳ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል።

አራት እኩል አገዳዎችን መሐላቸው ላይ አጠላልፎ እንደ ጮራ ዘርግቶ በክር ማሰር ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ይሰጣል። ክሩ አንዱን ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች እያለ አንድ ዙር ሲያልፍ አገዳዎቹ ከቦታቸው አይነቃነቁም። ከዚያ ጫፎቹ በመቀስ ይስተካከላሉ። የስፌት ሙያ ያላት ሴት ደግሞ ከስንደዶና ከአክርማ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሞሰብ ብትሰፋ፣ የትኛውም ሱቅ የማያመጣው ጌጥ ይሆናል።

አንዳንዱ ሰው ቀጭኑንና ጠንካራውን የጓሳ ሣር ለዚህ ሥራ መመኘቱ አይቀርም። ጓሳ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ሲያገለግል የኖረ ሣር ነውና ለጌጥም ይመቻል። ነገር ግን የጓሳ ሣር እንደ ገብሱ የግል አይደለም። የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ጓሳውን ለዓመታት እየዘጋ፣ በተወሰነ ጊዜም እየከፈተ በጋራ ሲጠብቀው ኖሯል። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢዳከምም ጓሳው ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ በነዋሪው ደንብ ይተዳደራል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩትም በዚሁ ሣር መካከል ነው። በመሆኑም ሣሩ በተፈቀደበት ወቅት ታጭዶ ቤት ከገባው ላይ መውሰድ እንጂ ለጌጥ ብሎ ወደ ጓሳው ማጭድ ይዞ መውጣት ተገቢ አይሆንም።

ከደብተር ወረቀት የሚወጣ መስቀል

ወረቀትን በእጅ አስጊጦ ለበዓል መስጠት ለኢትዮጵያውያን ልጆች አዲስ ነገር አይደለም። በእንቁጣጣሽ ማለዳ አበባና መላእክት የሣሉበትን ወረቀት ይዘው ጎረቤት ለጎረቤት የሚዞሩት ልጆች የዚህ ጥበብ ባለቤቶች ናቸው። ያንኑ እጅ ለገና ማዋል ይቻላል።

ከሁሉ ቀላሉ ሰንሰለት ነው። የተጻፈበት ደብተር ወረቀት ሁለት ጣት ያህል እየሰፋ ይቆረጣል፤ አንዱ ቀለበት በሌላው ውስጥ እያለፈ ይጣበቃል። ለማጣበቂያ አንድ እጅ የስንዴ ዱቄት በአራት እጅ ውኃ በጥብጦ እስኪወፍር ማፍላት በቂ ነው። ይህ ማጣበቂያ ካደረ ስለሚሻግት ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ መሥራት ይመረጣል።

ቀጥሎ ያለው ተቆርጦ የሚወጣ መስቀል ነው። የቤተ ክርስቲያን መስቀሎቻችን ብዙውን ጊዜ ግራና ቀኛቸው እኩል ነው። ወረቀት ሲታጠፍም በአንድ በኩል የተቆረጠው በሌላው በኩል ስለሚደገም የመስቀል ቅርፅ ለዚህ ሥራ እጅግ ይስማማል። አራት ማዕዘን ወረቀት ሁለት ጊዜ እኩል ይታጠፋል፤ ከዚያም የተዘጋው ማዕዘን መነሻ ሆኖ በአግድመት አንድ ጊዜ ይታጠፋል። ያ የተዘጋ ማዕዘን የመስቀሉ እምብርት ስለሆነ ፈጽሞ አይቆረጥም። በጎንና በጎን ትንንሽ ግማሽ ክብና ሦስት ማዕዘን ተቆርጦ ወረቀቱ ሲዘረጋ አራቱም ክንፎች እኩል ሆነው ይወጣሉ። በመስኮት መስታወት ላይ ቢለጠፍ የጠዋት ፀሐይ ቅርፁን ወለል ላይ ትጥለዋለች።

በቡና የቀለመ ካርድ

ያረጀ መልክ ላለው ካርድ የሚሆን ቀለም ከጀበናው ይገኛል። አቦልና ቶናው ተጠጥቶ የቀረው በረካና አተላው ለወረቀት ማቅለሚያ ይሆናል። ቡናው ቀዝቅዞ ከተጠለለ በኋላ ወፈር ባለ ነጭ ወረቀት ላይ በንጹሕ ጨርቅ ይቀባል። ስስ የደብተር ወረቀት ቡናው ውስጥ ከተነከረ ይበጣጠሳልና መቀባቱ ይሻላል። ጥቂት አተላ ነስንሶ ማራገፍ እንደ ብራና ነጠብጣብ ያወጣል። ወረቀቱ ጥላ ሥር ደርቆ ከከባድ መጽሐፍ በታች ቢያድር ይስተካከላል። ጽሕፈቱ የሚቀጥለው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተጻፈ ቀለሙ ይፈስሳል።

ለካርዱ ጠርዝ የብራና መጻሕፍታችን ሐረግ ሁነኛ አብነት ነው። በገጹ አናት ላይ እንደ ተክል የሚጠላለፈው ይህ ጌጥ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ እርሳስ በቀላሉ ይለመዳል። መነሻው ሁለት ትይዩ መስመር ስቦ በመካከላቸው ሁለት ሞገዶችን ማጠላለፍ ነው፤ በየመገናኛው አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ማለፍ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ያረጀ የሚመስል ነገር መሥራትና ያረጀውን ራሱን መቆራረጥ የተለያዩ ናቸው። በየቤቱ ሣጥን ሥር የሚገኝ የብራና ቅጠል፣ ቢቀደድና ቢደበዝዝ እንኳ ቅርስ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209ም ቅርስን ማበላሸት የሚያስቀጣ መሆኑን ይደነግጋል። አብነቱን ከብራናው መቅዳት፣ ብራናውን ደግሞ በክብር ማኖር ያስፈልጋል።

ዛፉና እሳቱ

የሐበሻ ጥድ ለማደግ ረጅም ዓመታት ይወስዳል። ለጥቂት ቀናት ማጌጫ ግንዱን ከመቁረጥ ከተተከለ ጥድ አንድ ቅርንጫፍ ማሳጠር፣ በማሰሮ የተተከለ ችግኝ መጠቀም ወይም የደረቀ እንጨት ማቆም ይሻላል። ልቃቂቱና ኮከቡ በደረቅ ቅርንጫፍ ላይም ያምራሉ።

የደረቀ ጥድ፣ አገዳና ወረቀት እሳት ፈጥኖ የሚይዛቸው ናቸው። በተለይ ክዳኑ ሣር በሆነ ቤት ውስጥ ጧፍም ሆነ ሻማ በጌጡ አጠገብ መለኮስ አይገባም። ጌጡ ከምድጃና ከከሰል ርቆ፣ ሕፃናት ከማይደርሱበት ከፍታ ላይ መሰቀል አለበት።

ከበዓሉ በኋላ የወረቀቱ ጌጥ በደረቅ ካርቶን፣ ልቃቂቱ ደግሞ ብል እንዳይበላው ፀሐይ ተሞቆ በተቋጠረ ከረጢት ቢቀመጥ ለመጪው ዓመት ይደርሳል። ለአዲስ ጀማሪ አመቺው ጊዜ ኅዳር 15 ቀን ጾሙ ሲገባ ነው፦ አስቀድሞ ልቃቂቱ በምሽት ይጠመጠማል፤ ገብሱ ሲታጨድ አገዳው ይለያል፤ የመጨረሻው ሳምንት ለወረቀቱና ለካርዱ ይተርፋል። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ቀን ስለሚውል በዚያ ዓመት ሥራውን አንድ ቀን ቀድሞ መጨረስ ይገባል።