የትምህርት ቤት ጓሮ አትክልት የገንዘብ ድጋፍ ፍለጋ፦ ከዳንግላ የውኃ ልኬት የሚገኝ ትምህርት

በዳንግላ አካባቢ በዓመት በአማካይ ወደ 1,600 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይዘንባል። አብዛኛው ግን ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት የሚወርድ ሲሆን፣ ዝናቡ በሚበረታባቸው በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤቶች ዝግ ናቸው። ተማሪዎች በግቢው በሚገኙበት በበጋ ደግሞ መሬቱ ይደርቃል። በመሆኑም ለትምህርት ቤት ጓሮ አትክልት የገንዘብ ድጋፍ የሚጠይቅ አካል ከዘርና ከመሣሪያ ዝርዝር አስቀድሞ ስለ ውኃ መልስ ሊኖረው ይገባል።

ለዚህ መልስ የሚሆን መነሻ በወረዳው ውስጥ አለ። በዳንገሽታ ቀበሌ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአጋሮቻቸው ጋር ባደራጁት ሥራ፣ የአካባቢው ነዋሪዎች የዝናብ መጠንን፣ የወንዝ ከፍታንና የእጅ ጉድጓዶችን የውኃ ወለል ሲለኩ ቆይተዋል። መረጃው ከመደበኛ ምንጮች ጋር ተነጻጽሮ ለሳይንሳዊ ትንተና የሚበቃ ጥራት እንዳለው ታይቷል። በዚያው ቀበሌ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተሳተፈበት ሌላ ምርምር፣ የአፈር ጥበቃ እርሻን ከጠብታ መስኖ ጋር አጣምሮ በአነስተኛ የአትክልት መደቦች ላይ ፈትኗል። ሁለቱም ሥራዎች ለትምህርት ቤት የሚተርፍ ነገር አላቸው፤ የመጀመሪያው ተማሪዎች ራሳቸው ሊያካሂዱት የሚችሉትን ልኬት፣ ሁለተኛው ውኃ ቆጣቢ የአመራረት ዘዴን ያሳያሉ።

የገንዘብ ምንጮቹ በባሕርያቸው የተለያዩ ናቸው። አንደኛው የመንግሥት የትምህርት ቤት ድጎማ ነው። በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም አማካይነት የተስፋፋው ይህ ድጎማ የሚሰላው በተማሪ ቁጥር ሲሆን፣ ሥራው በትምህርት ቤቱ የማሻሻያ ዕቅድ ውስጥ መካተት አለበት። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው የዓለም አቀፉ የአካባቢ ፋሲሊቲ የአነስተኛ ድጋፎች ፕሮግራም ነው። በቀደሙት ዙሮቹ የአንድ ፕሮጀክት መደበኛ ጣሪያ 50,000 የአሜሪካ ዶላር የነበረ ሲሆን፣ ድጋፉ የሚሰጠው ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችና ለማኅበረሰብ አቀፍ ማኅበራት ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ አብሮት የሚያመለክት ሕጋዊ ሰውነት ያለው አጋር ያስፈልገዋል። ሦስተኛው እንደ ስሎው ፉድ የአፍሪካ ጓሮዎች ንቅናቄ ያለ፣ ከገንዘብ ይልቅ በአገር በቀል ዘርና በሥልጠና ላይ የሚያተኩር ድጋፍ ነው። የምርምር ገንዘብ በአራተኛነት ይጠቀሳል፤ የመለኪያ መሣሪያ ሊያስገኝ ይችላል፣ የአጥርና የጉድጓድ ወጪን ግን ብዙውን ጊዜ አይሸፍንም።

የማመልከቻው ጥንካሬ የሚለካው በስሌቱ ነው። ለአብነት ያህል 100 ካሬ ሜትር መደብ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ውኃ ይፈልጋል ቢባል፣ ፍላጎቱ 400 ሊትር ወይም ባለ 20 ሊትር 20 ጀሪካን ይሆናል። በ120 ቀናት 48,000 ሊትር ማለት ነው። የግቢው ጉድጓድ በመጋቢትና በሚያዝያ ይህን ያህል መስጠቱ ካልተረጋገጠ፣ መደቡን ማሳነስ ወይም ጉዝጓዝና የጠብታ መስኖ ማከል ይሻላል። የአንድ ዓመት የጉድጓድ ልኬት ያቀረበ ትምህርት ቤት ለገምጋሚው ማስረጃ ይሰጣል፤ ልኬቱም በራሱ የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ይሆናል።

ሌላው ጥያቄ ከድጋፉ በኋላ የሚሆነው ነው። በዳንገሽታ የተካሄደውን የጠብታ መስኖ ምርምር ይደግፍ የነበረው የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራውን ማቆሙ፣ በአንድ ለጋሽ ላይ የተንጠለጠለ ዕቅድ የሚገጥመውን አደጋ ያሳያል። ስለሆነም በክረምት መደቡን የሚጠብቀው ማን እንደሆነ፣ ከሽያጭ የሚገኘው ገቢ ለመለዋወጫ እንዴት እንደሚውልና የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱ ኃላፊነት ምን እንደሆነ በማመልከቻው ላይ መስፈር ይኖርበታል። የለጋሹ የበጀት ዘመን ከሐምሌ 1 ከሚጀምረው የአገሪቱ በጀት ዓመት ጋር ላይገጥም ስለሚችልም፣ ግዢው ከበጋው መግቢያ በፊት እንዲጠናቀቅ ማቀድ ያስፈልጋል።

በዚህ ረገድ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ድርሻ ግልጽ ነው። ለመመረቂያ ጥናት የሚሰበሰብ የጉድጓድ ልኬት በመደርደሪያ ከሚቀር ለትምህርት ቤቱ በሚገባው ቋንቋ ቢመለስለት፣ ለቀጣዩ ማመልከቻ መነሻ ሰነድ ይሆነዋል።