ከነገረችን ቀን ጀምሮ

ስለ ጾታዊ ጥቃት ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ፖሊስ፣ ወደ ፍርድ ቤትና ወደ ቅጣት ይሄዳል። ጥቃት የደረሰባት ሴት ግን መጀመሪያ የምታንኳኳው የፖሊስ ጣቢያን በር አይደለም። ከነገረችም የምትነግረው ለእኅቷ፣ ለዶርም ጓደኛዋ፣ ምሳ አብራት ለምትበላ የሥራ ባልደረባዋ ወይም ለምትቀርባት አክስቷ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ እስከ መጨረሻው ለማንም አይናገሩም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል እርዳታ የጠየቁት ሩብ ያህሉ ብቻ ናቸው። ከ3ቱ 2ቱ እርዳታም አልጠየቁም፣ ለሰውም ትንፍሽ አላሉም።

ስለዚህ ይህ ምዕራፍ ከዳኛውና ከሐኪሙ በፊት የሚያወራው ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጎረቤትና ስለ ጓደኛ ነው። የምለውም በአጭሩ ይህ ነው፦ ውሳኔው የእሷ ይሁን፤ ድካሙን እኛ እንካፈላት። አብዛኛውን ጊዜ የምናደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። ይነገር አይነገር፣ ይከሰስ አይከሰስ የሚለውን አባት፣ አጎትና ሽማግሌ ይወስኑና፣ ሐኪም ቤት መመላለሱን፣ ቀጠሮ መጠበቁን፣ ሐሜቱንና እንቅልፍ ማጣቱን ለእሷ ብቻዋን ይተዉላታል።

መጀመሪያ ከአፋችን የሚወጣውን ነገር እንይ። "ለምን አልጮህሽም?" "ምን ልትሠሪ ሄድሽ?" "እስከዛሬ የት ነበርሽ?" እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቀው ክፉ ሰው ብቻ አይደለም። ልጇን የምትወድ እናትም በድንጋጤ ትጠይቃለች። ምክንያት ብታገኝ፣ ነገሩ ሊቀር ይችል ነበር ብላ ለማሰብ ይቀላታልና። ልጅቷ ግን የምትሰማው ፍርድ ነው። ያንን ቀን አፏን ከዘጋች ደግሞ ሁለተኛ ላትከፍተው ትችላለች።

"ለምን አልጮህሽም" ለሚለው ሳይንስ መልስ አለው። የሰው አካል አደጋ ሲገጥመው መታገል ወይም መሸሽ ብቻ አይደለም የሚያውቀው። መላው ሰውነት ደርቆ፣ ድምፅ ጠፍቶ፣ እጅና እግር አልታዘዝ የሚልበትም ጊዜ አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የስዊድን ጥናት፣ በስቶክሆልም ለተደፈሩ ሴቶች አስቸኳይ ሕክምና ወደሚሰጥ ክሊኒክ የመጡ 298 ሴቶችን ጠይቆ ነበር። ከእነሱ ውስጥ 70 በመቶ የሚሆኑት ድርጊቱ ሲፈጸም ሰውነታቸው በእጅጉ ደርቆ እንደነበር ተናገሩ። ከ6 ወር በኋላ ሲታዩም፣ ሰውነታቸው ደርቆባቸው የነበሩት ከሌሎቹ ይልቅ ከአሰቃቂ አደጋ በኋላ ለሚመጣ የጭንቀት ሕመምና ለከባድ ድብርት ተጋልጠው ተገኙ። እንግዲህ አለመጮኋን የፈቃደኝነት ምልክት አድርገን ስንቆጥር፣ የፍርሃቷን ጥልቀት የሚያሳየውን ነገር በእሷው ላይ ማስረጃ እያደረግነው ነው።

ትዝታዋም እንዲሁ ነው። በዚያ ሰዓት የነበረው የጣሪያ ቆርቆሮ ዝገት፣ ከውጭ ይሰማ የነበረው የሬዲዮ ዘፈን፣ የሰውየው የሲጋራ ሽታ ቁልጭ ብሎ ይታወሳታል፤ የገባችበትን ሰዓት፣ የትኛው ነገር ከየትኛው እንደቀደመ ግን አታውቅም። ትናንት የተናገረችውና ዛሬ የምትናገረው በቅደም ተከተል ባይገጥም ዋሸች ማለት አይደለም። ሁኔታዋም አያታልለን። በ1974 እ.ኤ.አ. አን በርጅስና ሊንዳ ሆምስትሮም የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ወደ ቦስተን ሲቲ ሆስፒታል የመጡ ተጠቂዎችን ተከታትለው፣ ግማሽ ያህሉ ሲያለቅሱና ሲንቀጠቀጡ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ረጋ ብለው፣ ስሜታቸውን ውጠው እንደተቀመጡ ጽፈዋል። እኛ ግን ያላለቀሰችውን አናምንም።

ታዲያ ምን እንበላት? ብዙ ቃል አያስፈልግም። "አምንሻለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።" ከዚያ ደግሞ ዝም ብሎ መስማት። ዝርዝሩን መጠየቅ የመርማሪ ሥራ ነው፤ ጓደኛ የሚጠይቀው "አሁን የምትፈሪው ሰው አለ? ዛሬ የት ነው የምታድሪው? ምን እንዳደርግልሽ ትፈልጊያለሽ?" የሚለውን ነው። እኛ አቅፎ መሳም የለመድን ሰዎች ነን፤ እዚህ ላይ ግን ከማቀፍ በፊት መጠየቅ ይገባል። አካሏ ያለ ፈቃዷ ከተነካ ገና ብዙ አልቆየምና።

ለወንድሞችና ለአባቶች አንድ ነገር ልጨምር። ገጀራ ይዞ መነሳት፣ "ሳልገድለው አላድርም" ማለት ፍቅር መስሎ ይታያል። በዚያች ቅጽበት ግን ቤተሰቡ ሁሉ እሱን ለመያዝ ይሯሯጣል፤ እሷም የራሷን ትታ ወንድሟን ስትለምን፣ "በኔ ምክንያት ታሰረ" የሚል ሌላ ሸክም ስትፈራ ታመሻለች። ቁጣው እውነተኛ ነው። ከእሷ ፊት ዘወር ብሎ ይውጣና፣ ሲመለስ ታክሲ ይዞላት ይምጣ።

ታክሲው ለምን እንደሚያስፈልግ ላስረዳ፤ ሰዓት እዚህ ላይ ብዙ ዋጋ አለው። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ሲሆን፣ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ነው፤ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ድረስ ሊሠራ ይችላል፤ እሱም ቢሆን በዘገየ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። ለሌሎች የአባላዘር በሽታዎች የሚሰጥ መድኃኒትና የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም አለ። መክሰስ ብትፈልግ ወይም ገና ባትወስን እንኳ፣ ሳትታጠብና ልብሷን ሳታጥብ ብትሄድ ማስረጃው አይጠፋም። ልብሱ በፌስታል ከታሰረ እርጥበት ያበላሸዋልና በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ። ታጥባ ከሆነም ችግር የለም፤ ሕክምናው ለመክሰስ ብቻ አይደለም፣ ትሂድ። አዲስ አበባ ውስጥ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪሙን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን በአንድ ግቢ ያገናኘ ማዕከል አለ። የተቋቋመውም አንዲት ሴት ያንኑ ታሪክ በአራት ቢሮ አራት ጊዜ እንዳትደግመው ነው።

እርግዝና ከተፈጠረ ሕጉ ምን እንደሚል ብዙ ሰው፣ አንዳንድ የጤና ባለሙያም ጭምር፣ አያውቅም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ከመደፈር የመጣ እርግዝና እንዲቋረጥ ይፈቅዳል። በአንቀጽ 552 ደግሞ ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው የሴቲቱ ቃል ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። የፖሊስ ወረቀትም ሆነ የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ ልትባል አይገባም። ምን እንደምታደርግ የምትወስነው እሷ ናት፤ የእኛ ሥራ መብቷን አውቀን መንገር ነው። በአንጻሩ ልጅቷን "ክብረ ንጽሕናዋ ይታይ" ብሎ ሐኪም ቤት ማስኬድ መቅረት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በ2018 እ.ኤ.አ. እንዳሳወቁት ይህ ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም፤ መደፈርን አያረጋግጥም፣ አያስተባብልም። የሚጨምረው ሁለተኛ ጉዳት ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌዎች ልምጣ፤ ይህ የምዕራፉ ከባዱ ክፍል ነው። ሽምግልና ስንት የድንበር ጠብ አብርዷል፣ ስንት ትዳር ከመፍረስ አድኗል። ክብሩን አልነካም። ነገር ግን ሽምግልና የሚሠራው ሁለቱም ወገን ሰጥቶ የሚቀበለው ነገር ሲኖር ነው። እዚህ አንዱ ወገን የተደፈረች ልጅ ናት፣ ምን ትስጥ? የሚሆነውን እናውቀዋለን። ጋቢ የደረቡ ሦስት አራት ሰዎች በምሽት ይመጣሉ፤ ቡና ይፈላል፤ "ሁለቱም ልጆቻችን ናቸው፣ ገመናችን አደባባይ አይውጣ" ይባላል። ካሳ ይቆረጣል፤ አንዳንዴም ጋብቻ ይታሰባል። ልጅቷ ጓዳ ሆና ትሰማለች፣ ማንም አልጠራትም።

በሕግ ፊት ይህ ስምምነት ዋጋ የለውም። ድሮ፣ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ዘመን፣ ጠላፊው ልጅቱን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። የ1996ቱ ሕግ ይህን ሽሮ፣ ጋብቻ ከጠለፋ ተጠያቂነት እንደማያድን በግልጽ ጻፈ። አስገድዶ መድፈር በመሠረቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ተበዳይዋ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ከ13 እስከ 25 ዓመት። ቤተሰብ ታረቀ ተብሎ የሚዘጋ ክስም አይደለም። ሽምግልናው ክሱን የሚገድለው በሌላ መንገድ ነው፤ ምስክር ያደርቃል። ጎረቤቷ "አላየሁም" ትላለች፣ ልጅቷ ገጠር አያቷ ዘንድ ትላካለች፣ መዝገቡም በማስረጃ እጦት ይዘጋል።

ማኅበረሰቡ ከልጅቷ ጎን ባልቆመበት፣ ፍርድ ቤትም ባላመናት ጊዜ የሚሆነውን አንድ የአርሲ ጉዳይ ያሳያል። በ1993 ዓ.ም. አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ፖሊስ አስጣላት፤ ሰውየው ግን በዋስ ወጥቶ ድጋሚ ጠለፋት፣ የጋብቻ ውል ላይም አስገድዶ አስፈረማት። አምልጣ ከሰሰች፤ የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በፈቃዷ የሆነ ይመስላል ብሎ ፍርዱን ሻረው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና አንድ ዓለም አቀፍ የሴቶች መብት ድርጅት ጉዳዩን እስከ አፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን አደረሱት። ኮሚሽኑ በ2015 እ.ኤ.አ. መንግሥት መብቷን እንዳልጠበቀላት ወስኖ 150,000 የአሜሪካ ዶላር እንዲከፈላት አለ። ስትጠለፍ 13 ዓመቷ የነበረችው ልጅ ውሳኔው ሲመጣ ሙሉ ሴት ሆናለች።

ሽማግሌ በዚህ ጉዳይ ሊሠራው የሚችል ትልቅ ሥራ አለ፤ "ይህ ለሽምግልና አይቀርብም" ብሎ አለመቀመጥ። ከዚያም የተከሳሹ ዘመዶች ልጅቱን እንዳያስፈራሩ ቃል ማስገባት፣ ያየው ሰው ያየውን እንዲመሰክር መምከር። የንስሐ አባትም ሆነ ሼኹ "ይቅር በዪው" ለማለት አይቸኩሉ። ይቅርታ ካለ ከእሷ፣ በራሷ ጊዜ የሚመጣ ነው። ጥቃቱ የደረሰው በባሏ ከሆነ ደግሞ የዘመድ ድጋፍ የበለጠ ያስፈልጋታል፤ የወንጀል ሕጋችን አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጭ ለሚፈጸም ብቻ ነውና የደነገገው። ይህ ሊሻሻል የሚገባው ክፍተት ነው ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ይበዛል። በሦስተኛው ወር ማንም የለም። የፍርድ ቤት ቀጠሮ የሚበዛው ግን ያኔ ነው። ኮሪደር ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ልጅቷ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ተቀምጣለች። ከፊት ለፊቷ የተከሳሹ ዘመዶች አምስት ስድስት ሆነው ተኮልኩለዋል፤ አንዷ እንድትሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታሽሟጥጣለች። ከልጅቷ ጋር የመጣ አንድ አጎት ነው፤ እሱም ስልኩን ይዞ ወጣ ገባ ይላል። 3 ሰዓት የተባለው ችሎት 5 ሰዓት ላይ ተሰይሞ "ምስክር አልቀረበም" ተብሎ ለወር ይቀጠራል። ሕፃናት የምስክርነት ቃላቸውን ከችሎቱ ተለይተው በሌላ ክፍል፣ በካሜራ አማካይነት የሚሰጡበት አሠራር በአዲስ አበባው የልደታ ፍርድ ቤት አለ፤ ጥሩ ነው። ለአዋቂዋ ግን ካሜራዋ እኛ ነን፤ አግዳሚው ላይ በእሷና በእነሱ መካከል የሚቀመጥ ሰው፣ ከአሠሪዋ ፈቃድ የሚጠይቅላት ሰው፣ ልጆቿን ከትምህርት ቤት የሚቀበል ሰው። ቤቷ ማደር አደጋ ከሆነባት ደግሞ በማሪያ ሙኒር እንደተመሠረተው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ያሉ መጠለያዎች አሉ።

ወንዶች ልጆችም ይጠቃሉ፤ እነሱን ደግሞ "ወንድ አይደፈርም" የሚለው አባባል ራሱ አፋቸውን ይዘጋል። ከዓረብ አገር አሠሪዎቿ ቤት ተጎድታ የምትመለሰውን ልጅ፣ ጎረቤት መጀመሪያ የሚጠይቃት ስንት ብር ይዛ እንደመጣች ነው። እንደ አጋር ኢትዮጵያ ያሉ ድርጅቶች ተቀብለው የሚያክሟቸው እንዲህ ያሉ ተመላሾችን ነው። ለሁለቱም ከላይ የተባለው ሁሉ ይሠራል፦ ማመን፣ አለመቸኮል፣ አብሮ መሄድ።

ይህን ሁሉ ማን ይሥራው ከተባለ፣ አብሮ መሆንን እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን። ለቅሶ ሲደርስ ማንም ሳይጠራን እንሄዳለን፤ ማን ውኃ እንደሚቀዳ፣ ማን እንደሚያድር፣ ማን እንጀራ እንደሚያመጣ ሳንነጋገር እንደርሳለን። ልዩነቱ ለቅሶ በአደባባይ መሆኑና ይህ በምስጢር መሆኑ ነው። ስለዚህ አሠራሩም በምስጢር ይሁን። አንድ እድር ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ይምረጥ፤ የሚታመኑ፣ ወሬ የማያወጡ። በአቅራቢያቸው ያለውን ሆስፒታል፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚያየውን የፖሊስ ክፍልና ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጠውን ማኅበር ቀድመው ይወቁ። ለታክሲና ለመድኃኒት የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ይቀመጥ፣ ከሦስቱ ሰብሳቢ በምትሆነው ሴት ፊርማ ብቻ ይውጣ። በጠቅላላ ጉባኤ ሪፖርት ላይ ስም አይጠራ፤ ወጪው "ለአስቸኳይ ሕክምና" ተብሎ ይመዝገብና ማንም ለማን ነበር ብሎ እንዳይጠይቅ በመተዳደሪያ ደንቡ ይጻፍ።