ይጠገን ወይስ ይለወጥ? የአርሲ አሮጌ የጭነት መኪናዎችና የዝገታቸው ጉዳይ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ የጋራዥ ወሬ ሊመስል ይችላል። የዛገ የአሮጌ ጭነት መኪና ካቢና ወይም ስፖንዳ ተጠግኖ ይቆይ፣ ወይስ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይተካ? በእኔ አመለካከት ግን ጥያቄው የሾፌርንና የረዳትን ሕይወት ይነካል፤ ከመንገዶቻችን እየጠፋ ያለ የሥራ ታሪክም ከእርሱ ጋር ተያይዟል።

ነገሩን በኢተያ እንጀምር። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ የስንዴ አገር ናት። በስዊድን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ ማዳበሪያንና ምርጥ ዘርን በአካባቢው ካስፋፋ ወዲህ መኪናው ሲወጣ ማዳበሪያ፣ ሲወርድ ስንዴ ይጭናል። ይህን ጭነት ለረጅም ዘመን ከተሸከሙት መካከል ሕዝቡ «ኤንትሬ» የሚለው ፊያት 682 ይገኛል። ቱሪን ላይ የተመሠረተው ፊያት የ682ን ምርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው።

በውጭ አገር የተጻፉ የጥገና መጻሕፍት ለዝገት በመጀመሪያ ደረጃ የሚከሱት በክረምት በመንገድ ላይ የሚበተነውን ጨው ነው። አርሲ ውስጥ በረዶ ለማቅለጥ ጨው የሚበትን የለም፤ ባሕርም ሩቅ ነው። የእኛው ጨው ማዳበሪያው ራሱ ነው። ከተቀደደ ጆንያ የፈሰሰ ዳፕና ዩሪያ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዳፕ በውኃ ሲሟሟ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፈሳሽ ይሆናል፤ ዝገትም የኤሌክትሮኬሚካል ሂደት በመሆኑ ይፋጠናል። በዚያ ላይ ጭቃና ገለባ ተጨምሮ በወለሉ ማዕዘንና በስፖንዳው ግርጌ ሲታሸግ ብረቱ ዝናቡ ካቆመ በኋላም ሳይደርቅ ይሰነብታል። ስለዚህ መርማሪው ዓይኑን መጣል ያለበት ከሁሉ በፊት ውኃ በሚያቁርበት ስፍራ ላይ ነው። የፊት መስታወት ጎማው አርጅቶ ውኃ የሚያስገባ ከሆነም የካቢናው ወለል ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል፤ ቀለሙ ከውጭ እያማረ።

ዓይን ግን ይታለላል፣ በተለይ ስቱኮ ባለበት። ማግኔት በወፍራም ስቱኮ ላይ ደኅና አይይዝም። በትንሽ መዶሻ ሲመታ ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፤ የተበላው ድምፁ የታፈነ ነው። የመጨረሻው ዳኛ ወስፌ ነው፤ በእጅ ግፊት ብቻ ከገባ ያ ስፍራ ብረት አይባልም። ሁለት ላሜራዎች የተደራረቡበት መጋጠሚያ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዝገት ከተፈጠረበት ብረት ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ የሚደርስ ቦታ ስለሚይዝ መጋጠሚያውን ከውስጥ እየገፋ ይከፍተዋል። እንዲህ ያበጠ መጋጠሚያ ከላይ ቢፋቅና ቢቀባ ከውስጥ መብላቱን አያቆምም፤ መከፈት አለበት።

ፍርዱን የሚወስነው፣ በእኔ እምነት፣ የቀዳዳው ስፋት አይደለም። ያ ብረት ምን ይሸከማል? ፓራፋንጎ ጭቃ ይከላከላል እንጂ ሸክም የለበትም፤ በሰፊው ቢበላም በቁራጭ ሊጠገን ይችላል። የካቢናው መቀመጫ፣ የበሩ ማጠፊያ የታሰረበት ምሰሶና የወንበሩ ሥር ግን የእጅ መዳፍ የምታህል ዝገት ብትኖርባቸውም እስከ ጤነኛው ብረት ተቆርጠው መለወጥ አለባቸው። ከዛገው ብረት ላይ አዲስ ላሜራ ደርቦ መበየድ በየቦታው የሚታይ ሥራ ነው፤ ርካሽም ነው። ነገር ግን በሁለቱ መካከል እርጥበት የሚያድርበት ኪስ ይፈጥራል፤ የብየዳው ሙቀትም የጀርባውን ቀለም ስለሚያቃጥል ዝገቱ ከበፊቱ ፈጥኖ ይመለሳል። ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ያለበት ስፍራ የተለየ ነው። ቁጥሩ በሊብሬ የተመዘገበ የመኪናው መታወቂያ ስለሆነ ማንም በራሱ ሥልጣን ሊቆርጠው አይገባም።

እዚህ ላይ «መለወጥ» የሚለውን ቃል ልናጠራው ይገባል። ለአዲስ መኪና መለወጥ ማለት ዕቃውን ከሱቅ ገዝቶ መግጠም ነው። ለኤንትሬ ግን መለወጥ ማለት ባትላሜራው ዝርግ ላሜራ ቆርጦ፣ በመዶሻ እየቀጠቀጠ ቅርጹን መልሶ መፍጠር ነው። ስለዚህ በእኛ ዘንድ መለወጥ ከመጠገን ይልቅ ብዙ ጊዜ የበለጠ ጥበብ ይጠይቃል። የአሮጌው ክፍል እንደ መለኪያ ሳያገለግል ወደ ቁርጥራጭ ብረት ገዢ ከሄደ ደግሞ የበሩ ጎብጣ፣ የመስታወቱ ክፈፍ ማዕዘን ከምን ይወሰዳል? የተበላ ክፍል አዲሱ ተሠርቶ እስኪገጠም ድረስ እንዳይጣል አጥብቄ የምመክረው ለዚህ ነው።

ዓለም አቀፉ የጥንት ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ያጸደቀው ሰነድ፣ እንደ አጋጣሚ በፊያት ከተማ ስም የቱሪን ቻርተር የሚባለው፣ ነባሩ አካል በተቻለ መጠን እንዲጠበቅና የተተካው እንዲታወቅ ይመክራል። የመጀመሪያው ምክር ስንዴ እየጫነ ለሚያድር መኪና ሙሉ በሙሉ አይስማማም፤ ሾፌሩ ሙዚየም ውስጥ አይደለም የተቀመጠው። ሁለተኛው ግን ለማንም አይከብድም። ባትላሜራው ከአዲሱ ላሜራ ጀርባ፣ ቀለም ከመቀባቱ በፊት፣ ዓመተ ምሕረቱን በብረት ቁጥር ቢመታበት የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ያንኑ ወለል የሚከፍት ሰው የትኛው ብረት ከቱሪን እንደመጣ፣ የትኛው አሰላ ወይም አዳማ እንደተቀጠቀጠ፣ የእኛውም ሥራ ስንት ክረምት እንደቻለ ያነብበታል።