የእህል መጋዘንና የእሳት ጥንቃቄ

በአዳማ (ናዝሬት) አካባቢ የሚነፍሰው ነፋስ ብርቱ መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም። በ2004 እና በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 136 ተርባይኖች ተተክለውላቸው፣ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት ችሎታ አላቸው። ነገር ግን ብርሃን የሚሰጠው ይኸው ነፋስ በበጋ ወራት በጭድ ክምር ላይ የወደቀችውን ፍንጣሪ ወደ መጋዘን ለማድረስ ጊዜ አይፈጅበትም።

ስለዚህ ከሞጆ እስከ ዝዋይ (ባቱ) ያለው ገበሬና የእህል ነጋዴ ምርቱን ከማስገባቱ በፊት ሦስት ነገሮችን ሊመረምር ይገባዋል።

አንደኛ፣ የጭዱ ክምር ከመጋዘኑና ከማድቤቱ የራቀ፣ በነፋሱ መምጫ በኩልም ያልተከመረ ይሁን።

ሁለተኛ፣ እርጥብ ድርቆሽ ታምቆ ሲከማች ውስጥ ለውስጥ ግሎ ያለ ክብሪት ሊነድ ስለሚችል፣ ደኅና አድርጎ ሳይደርቅ አይግባ።

ሦስተኛ፣ ለነቀዝ ማጥፊያ የሚያገለግለው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል እርጥበት ሲነካው መርዛምና ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ በደረቅ ስፍራ ተቆልፎ ለብቻው ይቀመጥ። እንክብሉ ባለበት ቤት እሳት ቢነሣ ውሃ መርጨት አደጋውን ያብሰዋልና፣ ሠራተኞች ሁሉ ይህን አስቀድመው ይወቁ።

መድን የጠፋውን ንብረት ዋጋ ሊከፍል ይችላል፤ የተቃጠለውን ዘር ግን ለመጪው ክረምት አያደርስም።